ስልኳ ሲጋደም «እንቢ» ስላለች ሙሽራ

ለክቡር ሻርሼንቤክ ኦሞሮቪች፣
የወረዳችን የዲጂታል አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ቺይ-ታላ።

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለከብቶችዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ለአንገትዎ ግን ለብቻው አጥብቄ እመኛለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ መተግበሪያ በትክክል የሚሠራው ስልኩ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ መሆኑን ቤተሰባችን በቅርቡ ስለተማረ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሁኔታ የሚሠራ ሰው አንገት ምን እንደሚሰማው እያሰብኩ እጨነቃለሁ።

ቡሩልቻ እባላለሁ። በዚህችው ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምጽፍልዎት ለመውቀስ አይደለም፤ ክቡርነትዎን ለመውቀስ እኔ ማን ነኝ? የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ የማመሰግንበት ነገር ስለበዛ ግን እንዳይምታታብዎት በተራ በተራ አስቀምጫለሁ።

አንደኛ። ጋብቻን ከመዝገብ ቤት አውጥተው በእጃችን ላይ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ድሮ አንድ ጥንድ ሊጋባ ሲፈልግ ወደ መዝገብ ቤት ይሄድ ነበር። እዚያ የተቀመጠችው ሴትዮ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየች «ትስማሚያለሽ?» ትላታለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ሴትዮዋ መሐረብ ታቀብላትና እስክትረጋጋ ትጠብቃለች። ዛሬ ይህ ሁሉ የሥራ ሰዓት የሚያባክን ነገር ቀርቶልናል። ስልክ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ታቀርባለች፤ የምታለቅስም የምትጠብቅም የለችም።

የወንድሜ የአሳንካን ልጅ ቤርሜት በከተማው መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እናቷ ሕፃን ሳለች ስለሞተችባት ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እጮኛዋ ኤርመክ ከላይ በተራራው መተላለፊያ በረዶ የሚጠርገውን መኪና የሚነዳ ልጅ ነው፤ ክረምት ከገባ ወዲህ መንገዱ እንዳይዘጋ እዚያው የመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ስለሚያድር የእሱን ስምምነት ከዚያው ሆኖ በስልኩ ሰጠ። የቀረው የእሷ ነበር። ይህን ያህል ትልቅ ነገር በመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ አላደርገውም ብላ ቤት ይዛው መጣች። ዳቦና ቅቤ ቀረበ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ሁላችንም ዙሪያዋን ከበብናት።

ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን የዓይን ሞራ ይዞታል። ልጁ ከቤቱ የምትወጣበትን ቃል በገዛ ዓይኑ ማንበብ ፈለገ፤ መስኮትዎ ውስጥ ያለው ፊደል ደግሞ፣ በእርግጥ የስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ይመስለኛል፣ የሰሊጥ ፍሬ አያህልም።

«አጋድሚውማ፤ ሰፋ ይበልልኝ» አላት።

አውራ ጣቷ «እስማማለሁ» የሚለው ላይ አንዣቦ ነበር። ስልኩን ስታጋድመው መስኮቷ ጥፍት ብላ እንደገና ብቅ አለች፤ ግን ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ለቆመ ስልክ የተሰፋ ልብስ ለተጋደመ ስልክ እንዳለበሱት ሁሉ ከታችኛው ጠርዝ ወጥታ ተንጠለጠለች፤ «እስማማለሁ» የሚለው ከስክሪኑ በታች ተውጦ ቀረ፤ «አልስማማም» የሚለው ደግሞ ተንሸራቶ በትክክል ከአውራ ጣቷ ሥር ገባ። ጣቷ ደግሞ አስቀድሞ መውረድ ጀምሮ ነበር።

«ምን አለ?» አለ ወንድሜ፣ ዓይኑን እያጨናበሰ።

«አባዬ… አልተስማማችም አለኝ።»

«ማናት ያልተስማማችው?»

«እኔ።»

ስክሪኑ ላይ በጣም ጨዋ የሆነ ጽሑፍ ወጣ፦ «ውሳኔዎ ተመዝግቧል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» መመለሻ ብንፈልግ የለም። ተሳስቼ ነው የሚል ቁልፍ ብንፈልግ የለም። ክቡርነትዎ ሕዝቡ እንደማይሳሳት ያለዎት እምነት ልባችንን ነክቶታል።

ሁለተኛ። ስለ ፍጥነትዎም እናመሰግናለን። የተራራው መተላለፊያ ኔትወርክ በሰላም ጊዜ እንኳ አንድ ጉብታ ላይ ካልወጡ የማይገኝ ነው፤ ልጅቷ ደጋግማ ብትደውል አልገባ አለ። የእርስዎ መልእክት ግን ነፋሱንም በረዶውንም ጥሶ ገባ፦ «ሁለተኛዋ ወገን በጋብቻው አልተስማማችም።» ትንሽ ቆይቶ ከኤርመክ አጭር ጽሑፍ መጣ፦ «ገባኝ። በግድ የሚሆን ነገር የለም። ደህና ሁኚ።» ከዚያ በኋላ ስልኩ ተዘጋ።

እንዴት በአንዲት መስመር ያምናል ይሉኝ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ቤርሜትን ጠይቄያት ነበር። በመከር ወቅት ቤርሜት ዋና ከተማ ሄዳ የመማር ዕድል አግኝታ ነበርና ሁለቱ ጥቂት ተኳርፈው እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። «እዚህ በረዶ ውስጥ ከእኔ ጋር መቀመጥ ካልፈለግሽ ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም» ብሏት፣ እሷም «ዝም በል አንተ ጅል» ብላው አልፈውት ነበር። ልጁ ግን ነገሩን ከልቡ አላወጣውም ኖሯል። እርስዎ ይህን ሊያውቁ አይችሉም፤ መስኮትዎ ግን ያቺን ቁስል ፈልጋ በትክክል ነካቻት።

ወንድሜ ያን ዕለት እራት አልበላም። «እኔ ነኝ አጋድሚው ያልኳት» እያለ ስልኩን እንደ እባብ በሩቁ ያየው ነበር። ቤርሜትም ለእሱ ስትል አላለቀሰችም፤ የዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ የታጠበውን ሳህን ደግማ ታጥብ ነበር።

ሦስተኛ። በነጋታው የኤርመክ እናት ዙራካን መጣች። በመከር በገዛ እጇ በቤርሜት ጆሮ ላይ ያደረገችውን የማጫ ጉትቻ ልትወስድ ነው የመጣችው። በአገራችን ጉትቻ ለመውሰድ የመጣች አማት ምን ማለት እንደሆነ ለክቡርነትዎ መንገር አያስፈልግም። ጫማዋን አላወለቀችም፤ ሻይ ብቀዳላት አልነካችም።

«ኩዳጊ፣» አለችኝ፤ የሙሽራና የሙሽሪት ወገን እናቶች የምንጠራራበትን ያን የፍቅር ስም እንደ በረዶ አቀዝቅዛ፣ «እንዲህ መሆኑን ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ በግ ባላሳረዱን ነበር።»

«ስልኩ ነው፣ ስናጋድመው ቁልፉ ተንሸራተተ» አልኳት።

«ልጅቷ ዲዳ ናት? ስልክ ነው የሚናገርላት?»

«እመኑኝ፣ ዞረብኝ» አለች ቤርሜት።

«ልጄ ስልክ መሰለሽ፣ ስታዞሪው የሚጠፋ?»

ቤርሜት እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደችና ጉትቻዎቹን አንድ በአንድ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀዘቀዘው ሻይ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። 

ታዲያ ዙራካን ጉትቻውን ይዛ ብትሄድ ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። እሷ ግን ነገር በጽሑፍ እንዲቀር የምትወድ ሴት ናት። «እንዲሁማ አይቀርም፤ እንዴት እንዳዋረዳችሁን ለመንግሥት አመለክታለሁ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የእርስዎን መተግበሪያ በራሷ ስልክ ከፈተች። «አቤቱታ» የሚለውን ነካች። መስኮት ብቅ አለች። መነጽሯን አድርጋ መጻፍ ጀመረች፤ አፏን እያንቀሳቀሰች ስለምትጽፍ የሚሰደበው የትኛችን እንደሆነ ከከንፈሯ ማንበብ ይቻል ነበር። በመሀል ፊደሎቹ ጠበቧትና ሰፋ እንዲሉላት ስልኩን አጋደመችው።

ቀና አለች። ስልኩን አየች። አገላብጣ አየችው።

«ምነው ኩዳጊ?» አልኳት።

«ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። የሰደብኳችሁ በሙሉ።»

«ውይ! ደግመው ይጻፉዋ» አልኳት፤ ከልቤ ነው።

ደግማ ጻፈች። አሁን ከሞላ ጎደል ስለምታውቀው ፈጠነች፤ ስድቡም አጠር፣ ሰላ ያለ ነበር። ጨርሳ ከላይ ጀምራ አንብባ ለማረም ስልኩን አጋደመችው። ጠፋ። ሦስተኛው ላይ መስኮቷ ራሷ ሳትጠፋ ቀረች፤ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ግን ከስክሪኑ ወድቆ «ሰርዝ» የሚለው ብቻውን መሀል ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ጣቷን ወደ እሱ ሰዳ አየር ላይ አቆመችው። ለረጅም ጊዜ ጣቷን ተመለከተች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ወደ ቤርሜት ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ እስኪ ነይ። አንቺንም እንዲህ ነው ያደረገሽ?»

«እንዲሁ ነው።»

«ልክ እንዲህ?»

«ልክ እንዲህ። የእርስዎስ ስድብ ነው የጠፋብዎ።»

መጀመሪያ የዙራካን ትከሻ ብቻ ተነቃነቀ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ልነሳ ነበር። እየሳቀች ነበር። ሳቋ ወንድሜ ላይ ተጋባ፣ ከእሱ ወደ እኔ፤ በመጨረሻ ቤርሜት እየሳቀች ከትናንት ጀምራ ያቆየችውን ዕንባ ሁሉ አፈሰሰችው። ዙራካን ጫማዋን አወለቀች። «ቡሩልቻ፣ ይህን የቀዘቀዘ ሻይ ድፊና ትኩስ አምጪልኝ» አለችኝ፤ «እርስዎ»ው ቀርቶ ነበር። ጉትቻዎቹንም በገዛ እጇ ወደ ቤርሜት ጆሮ መለሰቻቸው። ሽማግሌ ብንልክ ስንት ቀን በፈጀ ነበር! መስኮትዎ በአንዲት ሻይ አስታረቀችን፤ ስለዚህም ከልብ እናመሰግናለን።

አራተኛ። የቀረው ኤርመክ ነው፤ ስልኩም እንደተዘጋ ነው። ቤርሜት ለመንገድ ሠራተኞቹ ነዳጅ በሚያደርስ ቦቴ ላይ ተሳፍራ ልሄድ ነው አለች፤ ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ እኔም በእነዚህ ጉልበቶቼ አብሬያት ወጣሁ። ከላይ ነፋሱ ሰው ያቆማል። የጠራጊው መኪና ከበረዶው ጭስ ውስጥ ወጥቶ ሲቆም ኤርመክ ከላይ አየንና አልወረደም። በሩን ከፍቶ እዚያው እንደተቀመጠ፦

«ለምን መጣሽ?» አላት።

«ልስማማ።»

ልጁ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ፊቷን ላለማየት ጓንቱን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል።

«ትምህርቱን እንደምትፈልጊው አውቃለሁ። እንቢ ብትይ ይገባኛል።»

«ኤርመክ፣ አፍ አለኝ። አንተን እንቢ ማለት ብፈልግ ለዚህ ስልክ አያስፈልገኝም፤ እፊትህ ቆሜ እልሃለሁ። ትምህርቱን ደግሞ ካንተ ጋር ሆኜም እማራለሁ፤ ማን ከለከለኝ?»

«ታዲያ ያ መልእክት…»

«ስልክህን ክፈት። መስኮቱን አውጣና አጋድመው።»

ከፈተ፤ አንድ መስኮት አወጣ፤ አጋደመው፤ መልሶ አቆመው፤ እንደገና አጋደመው። የእሱ ስልክ መኪናው ውስጥ ከመሪው አጠገብ በመያዣ ተሰክቶ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የተስማማ ቀን ምንም አልገጠመውም ነበር። «እኔ እኮ…» አለና ስልኩን ኪሱ ከቶ እጆቿን ያዘ። ፊቴን ወደ ሸለቆው አዞርኩ፤ ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ሸለቆ ስመለከት ብቆይ ማንም አይገርመውም።

አምስተኛ። ሁላችንም ታርቀን፣ ደስ ብሎን፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣን። አንድ ሳናርቤክ የሚባል ጨዋ መሐንዲስ ተቀበለን። ነገሩን ከነገርነው በኋላ ጆሮው ቀላ።

«ኤጄ፣» አለኝ፤ ለታላቅ እህት እንደሚባለው፣ «ስልኩ ሲዞር መተግበሪያው ገጹን አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ዋናው ገጽ ምን ላይ እንደነበረ ያስታውሳል። ብቅ የሚሉትን መስኮቶች ግን እንዲያስታውሱ አላዘዝናቸውም። ልካቸውንም የወሰድነው ስልኩ ቆሞ ነው።»

«አጋድማችሁ አልሞከራችሁም?»

«እዚህ ቢሮ ማንም አያጋድምም።»

«ልታስተካክሉት ትችላላችሁ?»

«አዲሱን ልክ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በአለቃችን ፈቃድ ነው። ጥያቄውን በስልካቸው ልኬላቸው ነበር።»

«ምን አሉ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ውድቅ› የሚል መጣልኝ። ኤጄ፣ ምናልባት ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ይሆን?»

ክቡር ሆይ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጠረጥርም። አመዛዝነው የወሰኑት ነው ብዬ አምናለሁ። ብቻ በዚያች ዕለት ስልክዎን እንዴት ይዘውት እንደነበር አንድ ጊዜ ያስታውሱልን።

ሳናርቤክ በተጨማሪ እንደነገረን፣ «አልስማማም» የተባለ ጋብቻ ወገኖቹ በደንብ እንዲያስቡበት ስድስት ወር ካልሞላው እንደገና አይቀርብም። ስለዚህ ያለ እርስዎ ወረቀት ሰርጉን ደገስን። ኢማሙ መጣ፤ ልጆቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንድሜ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ኢማሙ «ትስማሚያለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ጥርት ባለ ድምፅ «እስማማለሁ» አለች። ወንድሜ ግን እጁን አነሳና «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለ። ኢማሙ ደግሞ ጠየቃት፤ ደግማ መለሰች። ያኔ ነው ወንድሜ ጢሙን በእጁ መዳፍ ጠርጎ እራሱን የነቀነቀው፤ ለማየት የፈለገውን ቃል በጆሮው አገኘው። ዙራካንም ሁለት በግ አሳረደች፤ ያኛው የመከሩ እንዳልተቆጠረ ሁላችንም ተስማማን።

እንግዲህ በመንደሩ ፊት ባልና ሚስት ናቸው፤ በእርስዎ መዝገብ ደግሞ ቤርሜት ባሏን እንቢ ያለች ሴት ሆና ከባሏ ጋር ትኖራለች። ይህ በከተማችን ታላቅ ክብር አስገኝቶላታል፤ ኤርመክ ሳህን ሳያጥብ ሲቀር «እኔ እኮ ገና አልተስማማሁም» ትለዋለች። እኛ ግን እንደ ማንኛውም ተራ ሰው ወረቀት እንፈልጋለን። ስለሆነም ክቡርነትዎ መልካም ፈቃድዎ ሆኖ ያን «እንቢ» እንዲሰርዙልን፣ የሳናርቤክን ሥራ እንዲፈቅዱ፣ ስልክ ሲጋደም መስኮቷ ቦታዋን እንድታውቅና ሰው የጻፈውን እንዳትውጥ እንዲያዝዙልን፣ «አዎ» እና «አይ»ንም እንደ ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞች አራርቀው እንዲያስቀምጡልን በአክብሮት እንለምናለን። ወንድሜም ፊደሉ ጥቂት ይደግልን ይላል፤ እሱ ግን ልጁን ስለዳረ አሁን አይቸኩልም።

ለዚህ ደብዳቤ ሰፊ ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ድረስ ስላነበቡ፣ ካነበቡ ማለቴ ነው፣ እጅ እየነሳሁ፣ ሥልጣንዎ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እንቅልፍዎም በተጋደሙበት ሁሉ የጣፈጠ ይሁን እያልኩ፣ ሁልጊዜም የአገልግሎትዎ ተገልጋይ፣ ደግሞም ተደናጋሪ ሆኜ እቀራለሁ።

ቡሩልቻ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ የሁለት ጊዜ እስማማለሁ ምስክር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቤርሜት በመጪው መከር ትወልዳለች፤ የልደትና የሞት ምዝገባም በዚያው ጊዜ ወደ መተግበሪያዎ እንደሚዛወር በሬዲዮ ሰማሁ። ክቡር ሆይ፣ ሁለቱን ቁልፎች በአንድ መስኮት ላይ እንዳያስቀምጧቸው በልጁ ስም እለምንዎታለሁ። ለሕፃኑ ገና ስም እንኳ አልወጣለትም፤ እንግዲያውስ ሳይወለድ እንዳይቀብሩብን።